ኢንዛይሙን ነቅሎ ሥራውን ማወቅ፦ የኖክአውት አይጥ ሙከራ ከሀ እስከ ፐ

ፓራሲታሞል የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ራስ ሲያም፣ ልጅ ሲያተኩስ፣ መሳቢያ ተከፍቶ አንድ ፍሬ ይዋጣል። ይኸው መድኃኒት ከልክ ሲያልፍ ግን ጉበት ይጨርሳል። የሚገርመው፣ ጉበቱን የሚጎዳው ፓራሲታሞሉ ራሱ አይደለም። አብዛኛው ያለ ችግር ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ጥቂቱን ግን ጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች፣ በተለይ ሲፕ2ኢ1 የሚባለው፣ ናፕኪ ወደተባለ መርዝ ይቀይሩታል። መርዙ ትንሽ ከሆነ ግሉታታዮን የተባለው የሰውነት መከላከያ እዚያው ይይዘዋል። ሲበዛ ግሉታታዮኑ ያልቅና መርዙ የጉበት ሴሎች ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል።

"ጥፋተኛው ሲፕ2ኢ1 ነው" ማለት ቀላል ነው። ማስረዳቱ ነው ከባዱ። በ1996 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የፍራንክ ጎንዛሌዝ ቡድን ያደረገው ይህንን ነበር፤ የሲፕ2ኢ1 ጂን የሌላቸው አይጦች አዘጋጅቶ ፓራሲታሞል ሰጣቸው። ጂኑ ያላቸውን አይጦች የሚገድለውን መጠን ጂኑ የሌላቸው ተቋቋሙት።

ይህን ሙከራ ምሳሌ አድርጌ፣ የአንድን ኢንዛይም ሥራ በኖክአውት አይጥ (አንድ ጂኑ ሆን ተብሎ የጠፋበት አይጥ ማለት ነው) እንዴት እንደሚያጠኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላሳያችሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልናገር። ዛሬ ጂን ማጥፋት የሥራው ቀላሉ ክፍል ሆኗል። ሙከራውን የሚያቆመውም የሚጥለውም ከኖክአውቱ አጠገብ የምታስቀምጡት አይጥ ነው፤ ጂኑ ያልተነካበት ወንድሙ ማለቴ ነው።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"ሲፕ2ኢ1 ምን ይሠራል?" የሚለው ሙከራ ሊሆን የሚችል ጥያቄ አይደለም። "ሲፕ2ኢ1 ባይኖር፣ በኪሎ 300 ሚሊግራም ፓራሲታሞል የተሰጠው አይጥ ጉበቱ ይተርፋል ወይ?" ይሄ ጥያቄ ነው። መጠኑ ይታወቃል፣ የሚለካው አካል ይታወቃል፣ መልሱም ቁጥር ነው። ወረቀት ላይ ጻፉትና ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ ሃያ ዓይነት ነገር እየለካችሁ ራሳችሁን ስታገኙት ይጠቅማችኋል።

ከዚያ አይጥ በእርግጥ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠይቁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ሌላው ስለሠራ ብቻ ኖክአውት የሚሠራ ሞልቷል። ሰሃን ላይ ባደጉ የጉበት ሴሎች የሚመለስ ጥያቄ ከሆነ እዚያው ይመለስ። ኢንዛይሙን የሚያግድ ኬሚካል ካለም ቀድማችሁ ሞክሩት፤ ግን ተጠንቀቁ፣ እንዲህ ያለ ኬሚካል ብዙ ጊዜ የአንዱን ኢንዛይም ስም ይዞ ሦስት ሌሎችንም ይመታል። ጂን የማጥፋት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንዱን ብቻ ትነቅላላችሁ።

የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውም ይህንኑ ነው የሚጠይቃችሁ። ራስልና በርች የተባሉት እንግሊዛውያን በ1959 ያስቀመጡት መርህ አሁንም መመዘኛ ነው፤ በሌላ መተካት የሚቻል ከሆነ ተካ፣ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል። ፈቃዱ በእጃችሁ ሳይገባ አንድ አይጥ አትንኩ።

አይጡን ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ ተሠርቶ እንደሆነ ፈልጉ። ከ2011 ጀምሮ የሚሠራው ዓለም አቀፍ የአይጥ ፌኖታይፕ ጥምረት የአይጥን ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፋ ውጤቱን በነጻ ያስነብባል። በአሜሪካ ሜይን ባር ሃርበር ያለው ጃክሰን ላቦራቶሪና የአውሮፓው የአይጥ ማኅደር ኤማ ደግሞ ዝርያዎቹን ይሸጣሉ ወይም ያከፋፍላሉ። አንድ ሰዓት ፈልጎ አንድ ዓመት ማትረፍ ይቻላል።

ጂኑ ሲጠፋ አይጡ በሕይወት ይቆያል ወይ?

ይህን ቀድሞ አለማሰብ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ከጂኖች ሲሶ የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ሲጠፉ አይጡ ማሕፀን ውስጥ ወይም ገና እንደተወለደ ይሞታል። የሚቀራረቡ ኢንዛይሞች እንኳ አይመሳሰሉም። ሶድ1 እና ሶድ2 ሁለቱም ያንኑ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት የሚያጠፉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ልዩነታቸው ሴሉ ውስጥ የሚሠሩበት ቦታ ነው። የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ሶድ2 ሲጠፋ በ1995 የተሠሩት አይጦች ልባቸው አብጦ በተወለዱ በአስር ቀን ውስጥ ሞቱ። ሶድ1 የጠፋባቸው ግን በ1996 እንደታየው ተወልደው፣ አድገው፣ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ምንም የጎደላቸው አይመስሉም ነበር።

ተቃራኒው ብስጭትም አለ። ኤችፒአርቲ የተባለ ኢንዛይም የጎደለው ሰው ሌሽ ናይሃን በሚባል ከባድ በሽታ ይያዛል፣ የራሱን ጣትና ከንፈር እስከ መንከስ ይደርሳል። በ1987 ይህ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ተወለዱ። ሁሉም ሰው በሽታውን ሲጠብቅ አይጦቹ ሰላም ሆነው ይጫወታሉ። አይጥ ትንሽ ሰው አይደለም፤ የራሱ መንገድ አለው።

ሲፕ2ኢ1 እድለኛ አድርጎናል። የጠፋባቸው አይጦች በደንብ ይወለዳሉ፣ ይራባሉም። የእናንተ ኢንዛይም ገዳይ ከሆነ ግን ጂኑን ከአንድ አካል ብቻ አጥፉት። ክሬ የሚባል ከባክቴሪያ ቫይረስ የተወሰደ መቁረጫ ኢንዛይም አለ፤ ሎክስፒ የሚባሉ ሁለት ምልክቶች ሲያገኝ በመካከላቸው ያለውን ቆርጦ ያወጣል። ጂናችሁን በሁለት ሎክስፒ ታጥራላችሁ፣ ክሬውን ደግሞ በአልቡሚን ጂን ማብሪያ ታንቀሳቅሱታላችሁ። አልቡሚን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ቁርጡ ጉበት ውስጥ ብቻ ይሆናል። በዚህ መንገድ ስትሄዱ ክሬ ብቻ ያለው አይጥም በማነጻጸሪያነት ያስፈልጋችኋል። ክሬ ራሱ አንዳንዴ ሴል ያውካል።

ጂኑን ማጥፋት

ድሮ ይህ የሁለት ዓመት ሥራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ በታለመ መንገድ ጂን የጠፋባቸው አይጦች በ1989 ሲታወጁ ሥራው ሁሉ በፅንስ ግንድ ሴል በኩል ነበር የሚሄደው፤ ካፔኪ፣ ኢቫንስና ስሚዝስ በ2007 ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ ነው። ከ2013 ወዲህ ክሪስፐር የተባለው ጂን መቁረጫ ዘዴ መጣና የተዳቀለው እንቁላል ላይ በቀጥታ መሥራት ተቻለ።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጂኑን ኤክሶኖች፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚነበብባቸውን ቁራጮች፣ ዘርዝራችሁ የፊደል ብዛታቸው ለሦስት የማይካፈል አንድ ወደ መጀመሪያው አካባቢ ያለ ኤክሶን ምረጡ። ሴል ጂንን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው የሚያነበው። ለሦስት የማይካፈል ቁራጭ ሲጎድል ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል፣ ያለቦታው "ጨርስ" የሚል ምልክት ይመጣል። ለሦስት የሚካፈለውን ከቆረጣችሁ ግን ትንሽ አጥሮ የሚሠራ ኢንዛይም ሊተርፋችሁ ይችላል፤ ያ ደግሞ ኖክአውት አይደለም።

ከኤክሶኑ ፊትና ኋላ መቁረጫውን ወደ ቦታው የሚመሩ ሁለት መሪ አርኤንኤ ንደፉና ካስ9 ከተባለው ቆራጭ ፕሮቲን ጋር ወደ እንቁላሉ አስገቡ። ይህን አብዛኛውን ጊዜ የተቋሙ የአይጥ ማዕከል ይሠራላችኋል፤ እኔ ማይክሮስኮፕ ሥር እንቁላል ስወጋ እጄ ተንቀጥቅጦ ሦስት ቀን ከሞከርኩ በኋላ ለባለሙያዋ አስረክቤያለሁ፣ አላፍርበትም። የሚወለዱት የመጀመሪያ አይጦች ቅልቅል ናቸው። አንዱ ሴላቸው ጂኑ የተቆረጠ፣ ሌላው ያልተቆረጠ፣ ሦስተኛው በሌላ ዓይነት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእነሱ ላይ ሙከራ አይደረግም። ካልተነካ አይጥ ጋር አዳቅሉ፣ ልጆቹን ዲኤንኤ አንብቡ፣ አንድ የጠራ ቁርጥ ያለበትን ምረጡና ከዚያ አንድ መስመር ብቻ ይዛችሁ ቀጥሉ። ሌላ ሁለት ጊዜ መልሳችሁ ብታዳቅሉት ካስ9 ሌላ ቦታ የሠራው ጥፋት ካለ እየተጣራ ይሄዳል።

ጄሉ ሲዋሽ

ልጆቹ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸውና ጡት ሲጥሉ ከጆሯቸው ጫፍ ትንሽ ሥጋ ይወሰዳል። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ95 ዲግሪ ታፈሉታላችሁ፣ ከዚያ ፒሲአር፣ ማለትም የምትፈልጉትን የዲኤንኤ ቁራጭ ማባዛት፣ ከዚያ ቁራጮቹን በርዝመት የሚለየው ጄል። ጂኑ ሙሉ ከሆነ ረጅሙ ቁራጭ ይወጣል፣ 600 ፊደል እንበል። ከተቆረጠ አጭሩ፣ 250 እንበል። ሁለቱም ከታየ አንዱ ቅጂ ብቻ የጠፋበት ነው፤ ላብ ውስጥ ሄትሮ እንለዋለን።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፒሲአር አጭር ነገር ይወዳል። ሄትሮው ውስጥ አጭሩ ቁራጭ በፍጥነት እየተባዛ ረጅሙን ይውጠዋል፣ ጄሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይታያል፣ እናንተም "ኖክአውት" ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ። እኔ አንድ ወቅት ሄትሮ ከሄትሮ አዳቅዬ ከ30 ልጆች 17ቱ ኖክአውት ሆነው ቁጭ አሉ። ሩብ ነበር መሆን የነበረበት፣ ሰባት ወይ ስምንት። ደስ ብሎኝ ነበር መጀመሪያ። ሕግን የሚጥስ ደስታ ሲመጣ ግን መጠርጠር ነው። መፍትሔው ሦስተኛ ፕራይመር፣ ማለትም ፒሲአሩ የሚጀምርበት አጭር ዲኤንኤ፣ ነው። የተቆረጠው ክፍል ውስጥ የሚገባ፣ ሙሉው ጂን ሲኖር ብቻ የሚበራ፣ ርዝመቱም ከአጭሩ ብዙ ያልራቀ ይሁን። በየጄሉም የታወቁ ሦስት ናሙናዎች፣ ያልተነካ፣ ሄትሮና ኖክአውት፣ አብረው ይሂዱ፤ ውኃ ብቻ ያለበትም አይቅር።

ወንድማማቾቹ

እዚህ ላይ ቀስ ልበል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው እዚህ ነው።

ኖክአውቶቹን ለብቻ እያራቡ፣ ለማነጻጸሪያ ግን ካታሎግ ከፍቶ የተለመደውን የላብ አይጥ ዝርያ፣ "ብላክ 6" ማዘዝ ያጓጓል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግን ብላክ 6 የሚባለው አንድ ዓይነት አይጥ አይደለም። በ1951 ከጃክሰን ላቦራቶሪ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የሄደው ቡድን ለብቻው እየተራባ ዛሬ ሁለት ዘመዳሞች አሉ፤ ብላክ 6 ጄ እና ብላክ 6 ኤን። ጄ በሚባለው ላይ ኤንኤንቲ የሚባል ጂን በተፈጥሮ ተቆርጧል። ኤንኤንቲ ምንድን ነው? ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ግሉታታዮንን ለማደስ የሚያስፈልገውን ግብዓት የሚያመርት ኢንዛይም! የፓራሲታሞል ሙከራ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የግሉታታዮን ታሪክ ነው። ሳታውቁት ሁለት ኢንዛይም አጥፍታችሁ አንዱን ብቻ ትወነጅላላችሁ ማለት ነው።

ይህ በባዶ ሜዳ የተነሳ ስጋት አይደለም። ጂንክ2 የተባለ ኢንዛይም በፓራሲታሞል ጉዳት ላይ ያለው ድርሻ ሲጠና ኖክአውቱ ከአንዱ ብላክ 6፣ ማነጻጸሪያው ከሌላው ሆኖ ውጤቱን እንዳዛባው በ2011 ታትሞ ወጥቷል።

በዚያው በ2011 ከዚህ የባሰ ወጣ። ካስፔዝ 1 የሚባለው ኢንዛይም የጠፋባቸው አይጦች ለዓመታት በመላው ዓለም ሲሠራባቸው ቆይቶ፣ ጎረቤቱ ካስፔዝ 11ም እንደሌላቸው ታወቀ። አይጦቹ የተሠሩበት 129 የተባለው የአይጥ ዝርያ ግንድ ሴል ካስፔዝ 11 ቀድሞ የተበላሸበት ነበር፤ ሁለቱ ጂኖች ክሮሞሶሙ ላይ ግድግዳ ተጋርተው ስለሚኖሩ የቱንም ያህል ትውልድ ከብላክ 6 ጋር ቢዳቀል አይለያዩም። በባክቴሪያ መርዝ ከሚመጣው ሞት አይጦቹን ያተረፋቸውም የካስፔዝ 1 መጥፋት ሳይሆን የካስፔዝ 11 መጥፋት ሆኖ ተገኘ። ከድሮ ማኅደር የመጣ፣ በ129 ሴል የተሠራ አይጥ ካገኛችሁ የጂናችሁን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ፈትሹ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ሄትሮ ከሄትሮ አዳቅሉ። ከአንድ እናት፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኬጅ ከተወለዱት ውስጥ ኖክአውቱንም ማነጻጸሪያውንም ውሰዱ። አንድ ጡት ጠብተዋል፣ የአንጀታቸው ባክቴሪያ ሳይቀር አንድ ነው።

ሂሳቡን ከወዲሁ ሥሩት። በፓራሲታሞል ሙከራ ወንድና ሴት አይጥ አንድ ዓይነት ስለማይጎዱ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት። 10 ወንድ ኖክአውት ያስፈልጋችኋል እንበል። ኖክአውት የመሆን ዕድል ከአራት አንድ፣ ወንድ የመሆን ከሁለት አንድ፤ በድምሩ ከስምንት አንድ። ስለዚህ 80 ልጆች መወለድ አለባቸው። አንዲት እናት በአማካይ ሰባት ብትወልድ 12 ወሊድ ገደማ ነው። እርግዝናው ሦስት ሳምንት፣ ለሙከራ እስኪደርሱ ደግሞ ዘጠኝና አስር ሳምንት። ከመጀመሪያዋ ማዳቀል እስከ መርፌው ቀን ሦስት ወር አለፈ። ሴቶቹንም በሙከራው ካስገባችኋቸው ብክነቱ ይቀንሳል፣ ጥያቄውም ሙሉ ይሆናል። ሌላው አቋራጭ፣ ሄትሮው ከጤነኛው እንደማይለይ ቀድማችሁ ካረጋገጣችሁ፣ ሄትሮን ከኖክአውት ማዳቀል ነው። ግማሹ ኖክአውት፣ ግማሹ ሄትሮ ይወጣል፣ ሄትሮው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ብዙ ኢንዛይሞች በግማሽ መጠን ሥራቸውን ስለሚወጡ ይህ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ኢንዛይሙ በእርግጥ ሄዷል?

የዲኤንኤው መቆረጥ የኢንዛይሙን መጥፋት አያረጋግጥም። ሦስት ነገር እዩ። አርኤንኤው ቀንሷል ወይ? ፕሮቲኑ በዌስተርን ብሎት፣ ማለትም በፕሮቲን መፈለጊያ ምርመራ፣ ይታያል ወይ? ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ሥራው ቆሟል ወይ? ጉበቱን ፈጭታችሁ በሴንትሪፉጅ ማይክሮሶም የሚባለውን ክፍል ለዩና ክሎርዞክሳዞን ስጡት። ሲፕ2ኢ1 ይህንን የጡንቻ ማፍታቻ መድኃኒት ስለሚቀይረው ምን ያህሉ እንደተቀየረ መለካት ነው። ሙሉ ዜሮ ላይሆን ይችላል፤ ሌሎች የሲፕ ቤተሰብ ኢንዛይሞችም ትንሽ ትንሽ ይነካኩታል።

እግረ መንገዳችሁን ዘመዶቹንም ለኩ። ሲፕ1ኤ2 እና ሲፕ3ኤ11 በኖክአውቱ ጉበት ውስጥ ከፍ ብለው ይሆን? አንዱ ሲቀር ሌላው ሥራውን ሊሸፍንለት ይችላል። ይህን ሳያዩ "ኢንዛይሙ ምንም አይሠራም" ብሎ መደምደም ነውር ነው።

የመርፌው ቀን

ከአንድ ቀን በፊት ከምሽቱ 12 ሰዓት ምግቡን አንሱ፣ ውኃው ይቆይ። አይጥ የሚበላው ሌሊት ስለሆነ ይህ ጾም ለእሱ ከባድ ነው፤ የጉበቱን ግሉታታዮን ያወርደዋል፣ ጉዳቱም ከአይጥ አይጥ ብዙ እንዳይለያይ ያደርጋል። ሁሉም እኩል ሰዓት ይጹም። አንዱ ኬጅ ሳር ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ካለ ያ ኬጅ አልጾመም፣ ስለዚህ ኬጁን ቀይሩት።

ጠዋት 3 ሰዓት መርፌ። አይጡን መዝኑ። ለ25 ግራም አይጥ በኪሎ 300 ሚሊግራም ማለት 7.5 ሚሊግራም ነው። ፓራሲታሞሉን በሞቀ ሳላይን (የጨው ውኃ) በሚሊሊትር 15 ሚሊግራም አድርጋችሁ ካሟሟችሁት ግማሽ ሚሊሊትር ሆድ ውስጥ ይገባል። ሲቀዘቅዝ እንደ ስኳር ይረጋል፣ መርፌውንም ይደፍናል። ብልቃጡን በሰውነት ሙቀት ባለ ውኃ ውስጥ አቆዩትና ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ወደ መብራት አንስታችሁ እዩት፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ከተንሳፈፈ መልሳችሁ አሙቁ።

"ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሟቻ ባሟሟው በአንዴ አይሟሟልኝም?" ትሉ ይሆናል። እኛም ብለናል። ተማሪ ሳለሁ የሞቀው ሳላይን ሰለቸንና መድኃኒቱን በዲኤምኤስኦ አሟሟነው፣ ውብ ሆኖ ጠራ። ኖክአውቶቹ ደህና ሆኑ፣ እሰየው። ጤነኞቹም ደህና ሆኑ። ሦስት ሳምንት ሙሉ "ዱቄቱ አርጅቷል" እያልን አዲስ ገዛን፣ መጠን ጨመርን፣ ሚዛኑን ወቀስን። በመጨረሻ አንዲት የቡድናችን አባል ቡናዋን እየጠጣች፣ "ዲኤምኤስኦኮ ራሱ ሲፕ2ኢ1ን ያግዳል" አለች። ዝም አልን። በጂን ያጠፋነውን ኢንዛይም ጤነኞቹ ላይ ደግሞ በማሟሟቻ አጥፍተንላቸው ነበር። ስለዚህ የምትጠቀሙበት ማሟሟቻ ኢንዛይማችሁን እንደማይነካ ቀድማችሁ አንብቡ፤ መድኃኒት የሌለበት ማሟሟቻ ብቻ የሚወጋ ቡድንም ከሁለቱም ዓይነት አይጥ ይኑር።

መርፌ የሚወጋው ሰው የትኛው ኖክአውት እንደሆነ አይወቅ። የጆሮ ቁጥር ብቻ ይስጡት፣ ቅደም ተከተሉም በዕጣ ይሁን። ኖክአውቶቹን ጠዋት፣ ጤነኞቹን ከሰዓት ወግቶ ልዩነት አገኘሁ ያለ ሰው አውቃለሁ።

መቼ ይለካል? አንድ ቡድን በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አንዱ በ6፣ አንዱ በ24 ሰዓት። በመጀመሪያው ሰዓት የሚፈለገው ግሉታታዮንና መርዙ የተጣበቀበት ፕሮቲን ነው። ጤነኛው አይጥ ላይ ግሉታታዮኑ ተጠርጎ ያልቃል ማለት ይቻላል። ጉበቱን በፍጥነት አውጥታችሁ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ክተቱ፤ ጠረጴዛ ላይ እያወራችሁ ከቆያችሁ ግሉታታዮኑ በራሱ ይበላሻል። በ6 እና በ24 ሰዓት ደም ውስጥ ያለውን ኤኤልቲ፣ ከተጎዳ ጉበት የሚፈስ ኢንዛይም፣ ለኩ፤ ሰው ክሊኒክ ሲሄድ "የጉበት ምርመራ" የሚባለው ያው ነው። ጤነኛ ጉበት ላይ አሥር ቤት የሚሆነው ቁጥር ጉዳት ሲኖር ሺህ ቤት ይገባል። ከጉበቱም ሁልጊዜ ከአንዱ ክንፍ ቁራጭ ወስዳችሁ ፎርማሊን ውስጥ አኑሩ። ማይክሮስኮፕ ሥር የሞተው ሴል በማዕከላዊው ደም ሥር ዙሪያ እንደ ቀለበት ከቦ ታዩታላችሁ። የተከበበውም በአጋጣሚ አይደለም፣ ሲፕ2ኢ1 በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው።

አይጦቹን እስኪሞቱ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ፀጉሩ የቆመ፣ የተኮራመተ፣ ሲነካ የማይንቀሳቀስ፣ ገላው የቀዘቀዘ አይጥ ካያችሁ ሙከራው ለእሱ አልቋል። ይህ መስመር ፈቃዱ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ኖክአውቱ ኤኤልቲው ዝቅ ብሎ ተገኘ እንበል። ወዲያው አትፈንድቁ። መድኃኒቱ እኩል ደም ውስጥ ገብቷል ወይ? በሌላኛው፣ መርዝ በማያመርተው መንገድ፣ በፍጥነት ተጣርቶ ወጥቶ ቢሆንስ? የፓራሲታሞሉን መጠን ደም ውስጥ በየሰዓቱ ለኩ። ከመርፌው በፊት የሁለቱ ወንድማማቾች ግሉታታዮን እኩል መሆኑንም አሳዩ። እነዚህ ከተስተካከሉና የተጣበቀው መርዝ በኖክአውቱ ላይ ካነሰ፣ ያኔ ጣታችሁን ሲፕ2ኢ1 ላይ መቀሰር ትችላላችሁ።

መጠኑንም ከፍ አድርጋችሁ እዩ። በ1996ቱ ሙከራ መጠኑ በጣም ሲጨምር ኖክአውቶቹም ተጎድተዋል። ይህ ውድቀት አልነበረም፤ ሌላም እጅ እንዳለበት የጠቆመ ነበር። በ1998 ሲፕ2ኢ1 እና ሲፕ1ኤ2 ሁለቱም የጠፉባቸው አይጦች ተሠርተው መከላከያው ከፍ አለ። አንድ ኢንዛይም ሥራውን "ብቻውን" ይሠራል ብሎ ለመጻፍ ከመቸኮል በፊት ድርብ ኖክአውት ማሰብ ጥሩ ነው።

በስሌቱ ላይ አጭር ነገር ልበል። ከአንድ ወሊድ የመጡ አምስት አይጦች አምስት ነጻ ምስክሮች አይደሉም፣ ይመሳሰላሉ። ወሊዱን በስሌቱ ውስጥ አስገቡት። የአይጡን ቁጥር ደግሞ ከሙከራው በፊት ወስኑ፣ ውጤቱ "ሊወጣ" ሲል ሁለት ሁለት እየጨመሩ መሄድ ማታለል ነው።

መልሶ መትከል

ጂኑን ስታጠፉ ጉዳቱ ከቀረ፣ ስትመልሱት መመለስ አለበት። የጎንዛሌዝ ቡድን በ2005 የአይጡ ሲፕ2ኢ1 በጠፋበት ላይ የሰውን ሲፕ2ኢ1 አስገብቶ አሳየ፤ የፓራሲታሞሉ ጉዳት ተመለሰ። እናንተ ይህን በሙሉ አይጥ መሥራት ካልቻላችሁ ጂኑን ጉበት በሚያጠቃ ምንም በማይጎዳ ቫይረስ ጭናችሁ ለአዋቂው ኖክአውት መስጠት ትችላላችሁ። አብራችሁም አንድ ፊደል ተቀይሮበት መሥራት ያቆመ፣ ቅርጹ ግን ያልተለወጠ ቅጂ ለሌላ ቡድን ስጡ።

የሞተ ቅጂ ምን ያደርጋል? ኢንዛይም አንዳንዴ ከኬሚስትሪው ሌላ እንደ ምሰሶ ሆኖ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይደግፋል። ፒአይ3 ኪናዝ ጋማ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የአይጡ ልብ ከልክ በላይ በኃይል ይመታል። በ2004 ግን ፕሮቲኑ ኖሮ ሥራው ብቻ የሞተባቸው አይጦች ልብ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ልቡ የፈለገው ምሰሶውን እንጂ ኬሚስትሪውን አልነበረም። ኖክአውት ብቻውን ይህንን አይለይላችሁም።

ስትጽፉት የዝርያውን ሙሉ ስም፣ ጄ ይሁን ኤን፣ ስንት ጊዜ መልሶ እንደተዳቀለ፣ ማነጻጸሪያው ከአንድ ወሊድ መሆን አለመሆኑን፣ ጾታውን፣ የጾሙን ሰዓት፣ ማሟሟቻውን ሁሉ አስፍሩ። በ2020 የታደሰው አራይቭ የተባለው መመሪያ ዝርዝሩን ይሰጣችኋል። ኬጆቹን ከማራገፋችሁ በፊት ደግሞ ከሁለት ሦስት ወንድ ኖክአውቶች ዘራቸውን አስወስዳችሁ በፈሳሽ ናይትሮጅን አስቀምጡ፤ ብልቃጡ ላይም የመስመሩን ስም በእስክሪብቶ ሳይሆን ቅዝቃዜ በማይፍቀው መለያ ለጥፉ።